የጅብ ሽንኩርት ድንበር

አበባ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ያለውን አበባ ወዳድ ስለሆንሁ የጻፍሁት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። በ1956 ዓ.ም. ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ጫማዬ አንድ ጥንድ፣ ምኞቴ አዲስ አበባ መዛወር። እንጭኒ ተወልጄ ስላደግሁ ኦሮምኛም አማርኛም እኩል እናገራለሁ። ስለዚህ ጸሐፊም አስተርጓሚም አድርገውኝ በአንድ ሰው ደመወዝ የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ። ይህ ያናድደኛል። ያን ጊዜ የማያናድደኝ ነገር ጥቂት ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የምታናድደኝ ዱሬቲ ነገራ ነበረች። ቀጠን ረዘም ያለች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በዕድሜ እናቴ የምትሆነውን ሴት አንቺ እያልሁ መጻፌ ነውር እንዳይመስል፣ ያዘዘችኝ ራሷ ናት። «አንቱ ስትለኝ ያረጀሁ ይመስለኛል፤ ያረጀሁ ሲመስለኝ ደግሞ ክርክሬን ልተወው እላለሁ፤ ስለዚህ ተወኝ» ብላኛለች። ቀጠሮ ኖራትም አልኖራትም፣ ሰኞ ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ተጉዛ ትመጣና ከጠረጴዛዬ ፊት ትቆማለች።

«አካም ጅርታ፣ በድሉ? መዝገቤ አለ?»

«መዝገብሽ የት ይሄዳል?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ነገሩ የመሬት ነው። ዱሬቲ ከአባቷ ከነገራ የወረሰችው አራት ጥማድ የሚሆን ጥቁር አፈር አላት። ጤፍ ቢዘሩበት ጤፍ፣ ሽንብራ ቢዘሩበት ሽንብራ የሚሰጥ፣ የማይሰስት መሬት ነው። አዋሳኟ ግራዝማች ገብረአማኑኤል ይባላሉ። አንቱታው ለማዕረጋቸው ነው እንጂ በእኔ ፈቃድ አይደለም። ግራዝማች ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ፈጅተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ርስት ሊረከቡ ተመለሱ። በዚያው ዓመት የዱሬቲ ባል ባይሳ ታሞ አምቦ ተኝቶ ነበርና እሷ ወራቱን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጣ ታስታምማለች። ባይሳ አልዳነም። ሬሳውን ይዛ ስትመለስ የድንበሩ ድንጋይ ተነቅሎ ወደ እሷ ወገን ተተክሏል፤ አራቱም ጥማድ በግራዝማች በሬዎች ታርሷል። ሐዘን ላይ ናት፣ ብዙ አትናገርም ብለው ይሆናል። እንግዲህ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው የሚሳሳተው።

የመጀመሪያው ችሎት ላይ ዳኛው ማስረጃዋን ጠየቋት። ዳኛው ሽበታም፣ ቁጡ፣ ግን ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ።

«ድንጋዩ ተነቅሏል ካልሽ ድንበሩ የት እንደነበር በምን ታሳያለሽ?»

ዱሬቲ በኦሮምኛ መለሰች፤ እኔም ተረጎምሁ። «ድንበሬ ከመሬት በታች ነው» አልሁ በእሷ አፍ። ችሎቱ በሳቅ ተነቃነቀ። እኔም የምስቅ መስሏቸው ዳኛው ገላመጡኝ።

ሳቁ ሲበርድ ቀጠለች። ጣልያን ከመግባቱ በፊት አባቷ ነገራና የግራዝማች አባት በድንበር ተጣልተው ሽማግሌ አስታረቃቸው። ድንጋይ ሰው ስለሚያነሣው፣ ዛፍም ሰው ስለሚቆርጠው፣ ሽማግሌዎቹ ሌላ ዘዴ መረጡ። ክንድ ሙሉ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ፣ በየዐሥር እርምጃው፣ የጅብ ሽንኩርት ቀበሩ። እኛ የጅብ ሽንኩርት የምንለውን እነሱ ቁሉቢ ወራቤሳ ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ሰው አይበላውም፣ ከብት አይነካውም፣ ማረሻ አይደርስበትም። ዓመቱን ሙሉ ይጠፋና የሰኔ ዝናብ ሲመታው ነጭ አበባ አውጥቶ ከዐሥር ቀን በኋላ ይረግፋል። «እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ቅርጫቱን ተሸክሜ ነበር» አለች። «ከላይ ከዋንዛው እስከ ሾላው ድረስ ተሸከምሁ። ሾላው ሥር ደከመኝና አባቴ ወደ ቤት ላከኝ። አሁን የምለምነው፣ ሲያብብ ኑና እዩልኝ ነው።»

ግራዝማች ተነሡ። «ክቡር ዳኛ፣ አበባ ከተመሰከረብኝ ነገ ደግሞ ዝንብ ትመሰክርብኛለች። የዱር ሣር የትም ይበቅላል። እኔ ስለዚህ መስመር የሰማሁት የለም።»

«በዓይኑ ያየ ሰው አለሽ?» አሏት ዳኛው።

ድንበሩ ሲተከል ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት ኦቦ ሌታ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ዐይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የግራዝማች ነገረ ፈጅ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ዐይነ ስውር ሰው «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» ብሎ ሊያሳይ አይችልም አለ። ዳኛውም ተቀበሉት።

«ስሚኝ» አሏት ዳኛው፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው። «አበባ በሕግ ምስክር አይደለም። ተከሳሹ መስመሩን ያመነ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለጉዳዮቹ ያመኑትን እኔ አልክድም። ጸሐፊው ሲያብብ ሄዶ አይቶ ይጻፍ። ለሰኔ ሃያ ቀጥሬያለሁ።»

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ አንድ ጥንድ ጫማዬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝና ደሜ ፈላ። ዱሬቲ ግን የተፈረደላት ያህል እጅ ነሥታ ወጣች።

በሚያዝያ አንድ ጊዜ ጎትታ ወሰደችኝ። ቦታውን አስቀድመህ እወቀው አለችኝ። ያየሁት የታረሰ ጥቁር መሬት ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱም አበባውም የለም። ከላይ ዋንዛው፣ ከመሃል ሾላው፤ ከሾላው በታች ቀጋና ግራዋ የወረረው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ፤ ከቁጥቋጦው ማዶ ደግሞ ከወንዙ አፋፍ ላይ የእሷ ቤት። ሠላሳ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በዚያ ቀበሌ የታወቀ ቤት ነው። ጓሮው ውስጥ ቡናው አብቦ በረዶ የወረደበት ይመስላል። ደጃፉ ላይ በድንጋይ የተከበበ፣ ውሃ የጠጣ መደብ አለ፤ ከመደቡ ሰባት ቦታ ላይ ወፋፍራም ቅጠል ብቅ ብሏል።

«እነዚህም የዚያው ዘር ናቸው» አለችኝ። «ቤቱን ስንሠራ እዚሁ በቅለው አገኘናቸው። ባይሳ ሊነቅላቸው ነበር፣ ደጅ ያሳምራሉ ብዬ ከለከልሁት። ሲያብቡ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።»

ውሃ ስጪኝ አልኋት። አበባ አልወድም ብያችኋለሁ።

ግንቦት ዝናብ ሳይጥል አለቀ። ዱሬቲ ሰኞ ሰኞ እየመጣች «አላበበም» ትለኛለች፤ እኔም «ሰማይን ክሰሺው» እላታለሁ። በዚህ መሃል ግራዝማች በአበባው ማፌዛቸውን ትተው ነበር። ሁለት ሰዎች ዶማ አስይዘው ከእርሻው ዳር አስቀምጠዋል፤ ነጭ ነገር ብቅ ባለ ጊዜ ቆፍረው እንዲጥሉ ታዘዋል። ሽንኩርቱ የት የት እንዳለ ሳያብብ ማንም አያውቅም፤ ባበበ ጊዜ ደግሞ እሷም እነሱም እኩል ያያሉ። ይህን ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንሁላት። ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ አልኋት።

«እቀድማቸዋለሁ» አለች።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ጧት፣ ገና የቢሮውን በር ስከፍት፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት ሌሊት ሙሉ ዘንቦ ነበር።

«አብቧል» አለች። «ኮቱ፣ ና፣ ቶሎ በል።»

«ሰዎቹስ? ዶማ የያዙት?»

«ኦቦ ሌታን አስቀምጫቸዋለሁ።»

ዐይነ ስውር ሽማግሌ ዶማ የያዙ ሁለት ጎረምሶችን እንዴት እንደሚያስቆም አልገባኝም። ወረቀቴን፣ መለኪያ ገመዴንና ማኅተሙን ይዤ፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ አንጠልጥዬ ተከተልኋት።

እርሻው ዳር ስንደርስ ቆሜ ቀረሁ። በጥቁሩ መሬት ላይ ከዋንዛው ጀምሮ ነጭ መስመር ወርዷል። በያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ አምስትም ስድስትም አበባ አለ፤ ትልልቅ ናቸው፣ አፋቸውን ወደ መሬት ደፋ አድርገዋል፣ በነጩ ላይ ሮዝ የመሰለ ቀጭን ሰረዝ አላቸው። ሁለት ዓመት በላያቸው ታርሷል፤ ጉዳያቸውም አይደለም። ከግራዝማች አዲስ ድንጋይ እጅግ ርቀው፣ አንዱ ከሌላው ዐሥር ዐሥር እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ሽታቸው ከሩቅ ይመጣል። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ የራሴ መሬት የተመለሰልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ኦቦ ሌታ እርሻው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተዋል። ሁለቱ ሰዎች ዶማቸውን እግራቸው ሥር አጋድመው ወደ መሬት ያያሉ።

«ማነህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ኦቦ ሌታ።»

«ደግ። እነዚህ ልጆች ከማለዳ ጀምሮ አብረውኝ ናቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው። እኔም ስመርቃቸው ነው ያረፈድሁት። ዶማውን ካነሡ ግን ምርቃቱን መልሼ እንደማነሣው፣ በምትኩ ምን እንደምልም ነግሬያቸዋለሁ።»

ከሁለቱ አንዱ፣ ሚስቱ እርጉዝ የነበረችው፣ ቀስ ብሎ ዶማውን በእግሩ ራቅ አደረገው።

ሥራ ጀመርን። እኔ ገመዱን በአንድ ጫፍ፣ ዱሬቲ በሌላው ይዘን ከዋንዛው ወረድን። በየዐሥር እርምጃው እጽፋለሁ። እስከ ሾላው ድረስ ሠላሳ አንድ አበባ ቆጠርሁ፤ አንድም ከመስመሩ የወጣ የለም። ሾላው ሥር ቆሜ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ማኅተሙን መታሁበት። አራቱም ጥማድ ከመስመሩ ወዲህ፣ በእሷ ወገን ነው። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ ልከት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ከሾላው በታችስ?»

«ከሾላው በታች ማን ተከራከረሽ?»

«ዛሬ አልተከራከሩኝም። ነገ ከታች ይገፉኛል። አባቴ እኔን ወደ ቤት ልኮ ወደ ወንዙ ሲወርድ አይቻለሁ። እስከ ጫፉ ጻፍልኝ።»

አጉረመረምሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቁጥቋጦው ውስጥ ገባን። ቀጋው ራሱ ነጭ አብቦ፣ ከሩቅ ለዐይን ያምራል፤ ከቅርብ ግን ሱሪዬን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀደደው። እየተሳደብሁ እሾሁን በዱላ ስገልጥ የመጀመሪያውን አገኘነው። ከግራዋው ጥላ ሥር የጅብ ሽንኩርት አብቧል። ከዐሥር እርምጃ በኋላ ሌላ። ዱሬቲ በእያንዳንዱ «ኤዬ፣ አባ!» እያለች አባቷን እየጠራች እንደ ልጅ ትዘላለች። ዘጠኝ ቆጠርን፤ መስመሩም ቀጥ እንዳለ ነው። ከዚያ ከቁጥቋጦው ወጥተን በአጥሯ ቀዳዳ ሾለክን፤ እኔም ጮክ ብዬ እርምጃዬን እየቆጠርሁ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር» ስል እግሬ ከደጃፏ መደብ ላይ፣ ከመጀመሪያው አበባ አጠገብ ቆመ።

ሁለታችንም ዞረን የመጣንበትን መስመር አየን።

ሰባቱ አበባዎች አብበዋል። ውሃ የጠጡ ስለሆኑ ከእርሻው አበባዎች ይልቅ እነዚህ ያምራሉ። ከአንዱ እስከ ሌላው ዐሥር እርምጃ ባይሆንም ሁለት ሁለት እርምጃ ነው፤ ሽንኩርቱ ተባዝቶ በመሃል በመሃል ወልዷል። መነሻውና መድረሻው ግን እውነቱን ይናገራል። ገመዱን ዘረጋሁት። በደጃፉ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ባለ ሠላሳ ቆርቆሮው ቤት፣ ማድ ቤቱ፣ ያበበው ቡና፣ ሁሉም ከመስመሩ ወዲያ ማዶ፣ በግራዝማች ወገን ቀሩ።

ዱሬቲ ገመዱን ጣለች። በመጣንበት እሾህ መሃል ተመልሳ ወደ ኦቦ ሌታ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

«ኦቦ ሌታ፣ ያን ጊዜ ከሾላው በታች በየት ነው የወረዳችሁት?»

«ቀጥ ብለን ወደ ወንዙ ነዋ። ያን ጊዜ ጫካ ነው፣ ማን ሊኖርበት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን አጠፉ። «ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? ችሎቱ ዐይን የለህም አለኝ። አንቺም የምታወሪው ስለ ላይኛው እርሻ ብቻ ነው። እናንተ ቤት ስትሠሩ እኔ ዐይኔ ጠፍቷል፤ የት እንደሠራችሁት በምን አውቄ?»

ዱሬቲ እዚያው ትልሙ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከኪሴ ወረቀቱን አወጣሁና ከጎኗ ቁጢጥ አልሁ።

«ስሚኝ አዴ ዱሬቲ» አልኋት፣ ሁለቱ ሰዎች እንዳይሰሙ በጆሮዋ። «የተከራከራችሁት ስለ አራቱ ጥማድ ነው። እኔም እስከ ሾላው ጽፌ ፈርሜያለሁ፣ ማኅተምም አለው። ከዚያ በታች ያለውን ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ቁጥቋጦውን ማንም አይገባበትም። የደጅሽም አበባ የደጅ አበባ ነው።»

ከትልሙ ጓል አንሥታ በጣቷ ፈረፈረችው።

«ቤቱን ባይሳ ነው የሠራው» አለች በመጨረሻ። «ማገሩን እያንዳንዷን እኔ ነኝ ያቀበልሁት። ልጆቼን የወለድሁት እዚያ ነው።»

«እኮ። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው።»

«በሬሲ» አለች።

«ምን?»

«ጻፍ አልሁህ! እስከ ወንዙ ጻፍ። ያው አበባ እርሻዬ ላይ እውነት ተናግሮ ደጄ ላይ ሲደርስ ሊዋሽ ነው? እሳቸው ድንጋይ ነቀሉብኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጮህ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጻፍ።»

ጻፍሁ። ከንዴቴ ብዛት ብዕሬ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደው። ዳኛው በሕግ አበባ ምስክር አይደለም ብለዋል፤ ግራዝማች ካላመኑ እርሻው አይመለስላትም፤ እሷ ግን ስለ ቤቷ አምናለች። ይህችን ሴት እርሻዋን አስመልሳለሁ ብዬ መጥቼ፣ ቤቷን ከፍርድ ቤት መዝገብ ላይ በእጄ አስፍሬ መመለሴ ነው። ማታ ደግሞ ለዝውውር ማመልከቻ ጻፍሁ።

ሰኔ ሃያ ቀን ችሎቱ ሞላ። ግራዝማች አዲስ ካባ ደርበው፣ ነገረ ፈጃቸውን አስከትለው መጡ። ነገረ ፈጁ አበባ ማስረጃ አለመሆኑን የሚያስረዳ ሦስት ገጽ ጽፎ ይዟል። ዱሬቲ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። ዳኛው አንብብ አሉኝ።

ከዋንዛው እስከ ሾላው ያለውን ሳነብ ግራዝማች ወደ ነገረ ፈጃቸው ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። ሦስቱ ገጽ ተዘጋጅቷል፤ ምን ቸገራቸው። ከሾላው በታች ያለውን ሳነብ ፈገግታው ቆመ። «...መስመሩ በከሳሽዋ ደጃፍ ሰባት አበባ አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የከሳሽዋ መኖሪያ ቤትና ጓሮ ከመስመሩ ማዶ፣ በተከሳሹ ወገን ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ጨረስሁ።

«ከሳሽ፣ በዚህ ጽሑፍ ላይ የምትቃወሚው አለሽ?» አሉ ዳኛው። ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር።

«የለኝም። ሁሉም እውነት ነው። ከላይ እስከ ታች።»

«ተከሳሽስ?»

ነገረ ፈጁ ሦስቱን ገጽ ይዞ ሊነሣ ሲል ግራዝማች በክርናቸው መልሰው አስቀመጡት። ዐይናቸው ሩቅ ቦታ ላይ ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ቆርቆሮ እየቆጠሩ ነበር።

«ክቡር ዳኛ፣ እውነት ለመናገር» አሉ ተነሥተው፣ «አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለዚህ መስመር በልጅነቴ ነግረውኛል። የጅብ ሽንኩርቱን አባቶቻችን ናቸው የተከሉት። መስመሩ ትክክል ነው።»

ነገረ ፈጁ የካባቸውን ጫፍ ጎተተ። በእጃቸው መቱት።

«አምነሃል?» አሉ ዳኛው።

«አምኛለሁ።»

«ከላይ እስከ ታች?»

«ከላይ እስከ ታች ጌታዬ!»

«ጻፍ» አሉኝ ዳኛው። እኔ ግን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ግራዝማች ቀርበው ፈረሙ። ብዕሩን ሲያስቀምጡ ነው መሰለኝ ነገሩ የገባቸው። «እኔ ያልሁት... የታችኛውን ወገን ማለቴ ነው» አሉ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

«መስመሩ አንድ ነው፣ ግራዝማች» አሉ ዳኛው፣ መዝገቡን እየዘጉ። አራቱም ጥማድ ለዱሬቲ ነገራ ተመለሰ። ቤቱ ያለበት ቦታ ለተከሳሹ ሆነ፤ እንጨቱና ቆርቆሮው ግን የእሷ ስለሆነ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንሥታ እንድትወስድ ተወሰነ።

ደጅ ላይ ጠብቄ ያዝኋት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ጻፍ ስትዪኝ ይህን አስበሽ ነበር?»

«አይ» አለች። «ጻፍ ያልሁህ እውነት ስለሆነ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ግን የግራዝማችን ሆድ አሰብሁት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ የሰው ዳቦ አይተው ማለፍ አይችሉም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ክረምቱ ሲወጣ ግራዝማች ሽማግሌ ላኩባት። መጥታ ደጅ ብትጠናኝ፣ ግራዝማች ሆይ ብላ ብትለምነኝ፣ ቤቷ ውስጥ እንድትኖር እፈቅድላታለሁ አሉ። እሷ ለሽማግሌዎቹ እርጎ ሰጠቻቸው፣ ስለ ዝናቡ አጫወተቻቸው፣ ሸኘቻቸው። ስለ መልእክቱ አንድ ቃል አልመለሰችም።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ማንም ሳያዘኝ ሄድሁ። ሰፈሩ ሁሉ ለደቦ ወጥቶ ነበር። ወንዶቹ ከላይ እርሻው ራስ ላይ፣ ዋንዛው አጠገብ፣ ለአዲሱ ቤት ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሴቶቹ የፈረሰውን የማድ ቤት እንጨት ይሸከማሉ። ዱሬቲ ግን የአሮጌው ቤት ጣራ ላይ ወጥታ፣ መዶሻ ይዛ፣ ሚስማር ትነቅላለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ባይሳን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች፤ አንድም ጊዜ ግን መዶሻዋን አላሳረፈችም። ሌሎቹ ይህን ከጧት ጀምሮ ስላዩት ለምደውታል መሰለኝ ዝም ብለው ይሠራሉ። እኔ ግን አልቻልሁም።

መሰላሉን ወጥቼ አጠገቧ ደረስሁ። «አዴ ዱሬቲ» አልኋት፣ «ያን ቀን ዝም ብትዪኝ ኖሮ አልጽፍም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።»

«ከዚያስ? ከዚህ ቤት ውስጥ እንዴት ነበር የምተኛው?» አለችኝ፣ እያለቀሰች። «አሁን የቆርቆሮውን ጫፍ ያዝልኝ። እንዳይታጠፍ፤ ሳይመሽ ሁሉንም ዋንዛው ሥር ማድረስ አለብን።»

ያዝሁላት። እንባዋን በትከሻዋ ጠረገችና ቀጣዩን ሚስማር ነቀለች።